ማንም ሠላሳ ስድስትን አልጠየቀሽም

ኩራት አይጠቅምም እያሉ ነው ያሳደጉኝ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ተረት ያስተማሩኝም እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ እኔም ከሁለቱ የሚስማማኝን መርጬ ይዣለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ ሙቀቱን ሸሽቶ ግማሹ ሰው በሚተኛበት፣ ግማሹ ጫቱን ይዞ በሚቀመጥበት ከሰዓት በኋላ፣ ስለ አሃዝ የሚጠይቁ ጥያቄዎችን ስሠራ ከርሜ የምፈልገውን ወንበር አግኝቻለሁ። ማንም በልመና አልሰጠኝም። ጥያቄዎቹ ምን ዓይነት እንደነበሩ፣ ማን እንዳስጠናኝ፣ እንዴትስ እንዳናደደኝ ልንገራችሁ።

ጅቡቲ የገባሁት በእኛ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ግን አልመጣልኝም። ታላቅ ወንድሜ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዳ ነበር። ጦርነት ስለነበር የአገሩ ዕቃ ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ ወደብ አዙሮ፣ ሹፌር ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድርበት ጊዜ ነው። እሱ ነው አፈላልጎ ካርቲዬ 6 በሚባለው ሠፈር የሚኖሩ አንዲት የሊሴ (የሁለተኛ ደረጃ) የሒሳብ መምህርት ቤት ያስቀጠረኝ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁለት ልጆች ለብቻቸው የሚያሳድጉ፣ ቀጭን ረጅም ሶማሌ ናቸው። እኔ «ማዳም» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ማ ፊይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለት ነው። እዚያው እያደርኩ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ።

እኔ ልብስ የምተኩስበት ጠረጴዛና እሳቸው የተማሪ ፈተና የሚያርሙበት ጠረጴዛ አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ልጆቹ ሲጣሉ ማዳም ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ሳ ሱፊ» ይላሉ። ይበቃል እንደማለት ነው። የመጀመሪያዋ የፈረንሳይኛ ቃሌ እሷ ናት። እኔ ደግሞ ልጆቹን «በቃ» ስለምላቸው እነሱም ለምደዋት፣ አንዱ ሌላውን ሲያስቸግር «በቃ፣ በቃ» ይባባላሉ። ማዳም አንድ ቀን ሰምተው «የእናንተ ቃል ከእኛ አጭር ናት፤ ቶሎ ታስቆማለች» ብለው ሳቁ። ስለ ቃሏ ያሰብነው ያን ያህል ብቻ ነበር።

ቁጥር ግን የተማርኩት ከገበያና ከስልክ ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ቁጥር እንደ ተናጋሪው ይገለበጣል። እኛ ሃያ አምስት ስንል ትልቁን እናስቀድማለን፤ ትምህርት ቤት እንደተማርነው የአሥር ቤት መጀመሪያ፣ የአንድ ቤት ቀጥሎ። ሶማሌው «ሸን ኢዮ ላባታን» ይላል፣ አምስትና ሃያ። ዓረቡም «ኸምሳ ወዒሽሪን» ይላል፣ እሱም አምስትና ሃያ ነው። ፈረንሳይኛው ደግሞ ዘጠና ሰባት ለማለት አራት ጊዜ ሃያ ከአሥራ ሰባት ብሎ መጀመሪያ ሒሳብ ያሠራል። አምስት ሲባል የሰማ እጅ አምስትን ጽፎ ቁጭ ይላል፤ ሃያው እስኪመጣ አይጠብቅም። ስንት የተማረ ሰው ሲሳሳትበት አይቻለሁ።

ከዓመታት በኋላ ከማዳም ቤት በፍቅር ወጥቼ፣ ወደብ አጠገብ ያለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ገባሁ። ትራንዚት ማለት የአገር ቤቱን ነጋዴ ዕቃ ከመርከብ አስወርዶ፣ ወረቀቱን ጨርሶ፣ መኪና ላይ አስጭኖ መሸኘት ነው። የቀጠሩኝ በአራት ቋንቋ ስልክ ስለማነሳ ነበር። መርከብ ሲራገፍ የወደቡ ቆጣሪ የጆንያውን ብዛት በስልክ ይነግረናል፤ እኛ እንጽፋለን፤ ከዚያ ከመርከቡ ሰነድ ጋር ይተያያል። አይገጥምም። አንዱ 4325 ይላል፣ ሌላው 4352። ቢሮው ይታመሳል። ሃያ ሰባት ጆንያ ስንዴ የት ገባ? ወዛደሩ ይጠረጠራል፣ ሹፌሩ ይጠረጠራል፣ ሁሉም በየቋንቋው ይማማላል።

እኔ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ለዘጠኝ ይካፈላል። ሃያ አምስትን ሃምሳ ሁለት ብሎ የጻፈ ሰው በሃያ ሰባት ይሳሳታል፤ ሠላሳ ሰባትን ሰባ ሦስት ያለ ደግሞ በሠላሳ ስድስት። ሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ቁጥሩ የሚያድገውም የሚቀንሰውም በዘጠኝ ብዜት ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ አገኘሁት። በኋላ ማዳም ምክንያቱን ወረቀት ላይ ሲያሳዩኝ ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንዳገኘው ተረዳሁና ትንሽ ከፋኝ። ቢሆንም ወደብ ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥር አልገጥም ባለ ቁጥር «እሷን ጥሯት» ይባል ጀመር። ልዩነቱን ለዘጠኝ አካፍላለሁ፤ ከተካፈለ «ሰው ከመወንጀላችሁ በፊት ስልኩን ማን እንዳነሳ ጠይቁ» እላለሁ። የቢሮው ሰዎች «ማድሞዋዜል ነፍ» የሚል ስም አወጡልኝ። ነፍ በፈረንሳይኛ ዘጠኝ ነው፤ አዲስ ማለትም ነው። የእኛ ሹፌሮች ደግሞ በአራዳ ቋንቋ ነፍ ብዙ ማለት ስለሆነ እየሳቁ ተቀበሉት። ዘጠኝም ተባልኩ፣ አዲስም ተባልኩ፣ ብዙም ተባልኩ፤ የትኛውንም አልመለስኩም።

እየሠራሁ በርቀት ትምህርት ዲግሪዬን ያዝኩ። የቅርንጫፋችን ኃላፊ ጠቅልለው አገር ቤት ሊገቡ ሲሆን ወንበሩ ለማን ይሰጥ የሚለው ወሬ ተነሣ። ሥራውን የማውቀው እኔ ነኝ። የድርጅቱ ባለቤት ከአዲስ አበባ ደውለው እንዲህ አሉኝ። «ሰዎቻችንን የምንልክበት ተቋም አለ፤ ለማስተርስ በፈተና ነው የሚቀበለው። ከገባሽ እየተማርሽ ኃላፊ ትሆኛለሽ። ካልገባሽ ከዚህ ሰው እልካለሁ።» ሊልኩት ያሰቡትን ሰው አውቀዋለሁ። ጅቡቲ ለልምምድ መጥቶ ሳለ የወደቡን በር ከየት ወደ የት እንደሆነ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ የእሱ የበታች ሆኜ መቀመጥን ሳስበው ግን ምሳ አልዋጥልኝ አለ።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱ አላስፈራኝም። የሒሳቡ ክፍል ውስጥ ግን በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ዓይነት ጥያቄ ነበር። ጥያቄ ይቀርባል፤ ከሥሩ ሁለት መረጃ ይሰጣል። የሚፈለገው መልሱ አይደለም። መረጃው መልሱን ለማወቅ ይበቃል ወይ ነው የሚሉት። አንደኛው ብቻውን ይበቃል? ሁለተኛው ብቻውን? እያንዳንዳቸው በየፊናቸው? ወይስ ሲተባበሩ ነው፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው? ወይስ ሁለቱ ተደምረውም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ናቸው? ከእነዚህ አንዱን መርጦ ማለፍ ነው። አብዛኛው ጥያቄ ደግሞ ስለ አሃዝና ስለ ቤቱ ነበር፤ የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት። የእኔ ሠፈር ነው ብዬ በደስታ ተቀመጥኩ።

አንዱ ጥያቄ እስካሁን አይረሳኝም። ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አለ፤ ለሦስት ይካፈላል? አንደኛው መረጃ የአሃዞቹ ድምር አሥራ ሁለት ነው ይላል። ሁለተኛው በአንድ ቤት ያለው አሃዝ ስድስት ነው ይላል። የአሃዞቹ ድምር ለሦስት ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል፤ ይህን ልጅ ሆነን ነው የተማርነው። አንደኛው ብቻውን ይበቃል ብሎ ማለፍ ነበር። እኔ ግን ቁጥሩን ካላገኘሁ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። 129፣ 138፣ 147 እያልኩ መደርደር ጀመርኩ። ብዙ እንደሆኑ እያየሁ እንኳ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ታገልኩ። እያንዳንዱን ጥያቄ እንዲህ እስከ ጉድጓዱ ስከተል ሰዓቱ አለቀ፤ ግማሹን ሳልነካ ኮምፒውተሩ ተዘጋብኝ። ወደቅሁ።

ተቋሙ አንድን ሰው የሚፈትነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ዕድል ቀረኝ ማለት ነው፤ ባለቤቱም «እጠብቅሻለሁ፤ ከሁለተኛው በኋላ ግን ሰው እልካለሁ» አሉ። ለወንድሜ ስነግረው በጣም ነው የተናደደልኝ።

«መልሱን ካልፈለጉት ምን ብለው ይጠይቁሻል?» አለኝ።

«ይበቃል ወይም አይበቃም በይ ነው የሚሉት።»

«ሳያበሉ ጠገብሽ ወይ እንደማለት ነዋ» አለ። ያን ቀን ከእሱ ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማምቼ ነበር።

ማዳም ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል። ልጆቻቸው ለትምህርት ፈረንሳይ ሄደው ቤቱ ጭር ብሏል። እኔ አርብ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። መውደቄን ስነግራቸው የምሥራች የነገርኳቸው ይመስል ዓይናቸው በራ። መጽሐፉን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ብዙ ገጽ አገላበጡ። «ይሄ ሒሳብ አይፈትንም» አሉ በመጨረሻ። «ጠባይ ነው የሚፈትነው። አንቺን የጣለሽም ጠባይሽ ነው። አርብ አርብ ነይ።»

አርብ አርብ ሄድኩ። በሙቀቱ ወራት ካምሲን የሚባለው ነፋስ አሸዋውን ይዞ መስኮቱን ሲደበድብ፣ እኛ ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደግፈን፣ ከላይ ማራገቢያው እየተንቋቋ እናጠናለን። እሳቸው የእንግሊዝኛውን በዓይናቸው እያነበቡ በፈረንሳይኛ ይነግሩኛል። እኔ በአማርኛ አስቤ በፈረንሳይኛ እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሉኝ።

«ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ነው። ስንት ነው? አንደኛ፣ አሃዞቹ ቦታ ሲቀያየሩ ቁጥሩ በሃያ ሰባት ይጨምራል። ሁለተኛ፣ የአሃዞቹ ድምር ዘጠኝ ነው።»

ሃያ ሰባት ሲሉ ቢሮዬ የገባሁ መሰለኝ። ሃያ ሰባት ለዘጠኝ ሦስት ነው፤ በሁለቱ አሃዞች መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ነው ማለት ነው። 14 ይሆናል፣ 25 ይሆናል፣ 36 ይሆናል፣ ከዚያም በላይ አለ፤ ብቻውን አይበቃም። ድምሩ ዘጠኝ የሚሆነውም ብዙ ነው። ሁለቱን ባገናኛቸው ግን አንድ ብቻ ይቀራል። ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ሮጠ።

«ሠላሳ ስድስት» አልኩ በኩራት።

ማዳም መነጽራቸውን አወለቁ። «ማንም ሠላሳ ስድስትን አልጠየቀሽም» አሉ።

«ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትሽም። ግን ማንም አልጠየቀሽም። ድምሩም ልዩነቱም እጅሽ ላይ ካለ አንድ ቁጥር ብቻ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብሽ። ሳ ሱፊ።» እጃቸውን ዘረጉ። «ብዕሩን ስጪኝ።»

ደሜ ፈላ። ልብስ ስተኩስላቸው እንኳ እጄ ላይ ያለውን ነገር ነጥቀውኝ አያውቁም። ብዕሩን ሰጠኋቸው፤ ከተደገፉት ትራስ ሥር ከተቱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ያለ ብዕር ነው የተማርኩት። ጥያቄ ይነበባል፤ የእኔ ድርሻ ይበቃል ወይም አይበቃም ማለት ብቻ ነው። ቁጥሩ ከአፌ ካመለጠ ያንኑ ጥያቄ ከሌላ ጋር ቀላቅለው ደግመው ይሰጡኛል። ያወቅሁትን ነገር ሳልናገር ማለፍ እንደዚያ የሚያንገበግብ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰው የሠራውን ወጥ ሳይቀምስ ከእሳት አውርድ እንደማለት ነው። ወንድሜ በስልክ «ዛሬስ አበሉሽ?» እያለ ይቀልድብኛል።

ዘጠኜንም አልማሩኝም። «ቢሮ ውስጥ ልዩነቱ ለዘጠኝ ከተካፈለ አሃዝ ተቀያይሯል ትያለሽ» አሉ አንድ አርብ። «ሃያ ሰባት ጆንያ በእውነት ቢጠፋስ? እሱም ለዘጠኝ ይካፈላል።» ስም ያወጣልኝ ዘዴዬ ራሱ ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም ነበር። መጀመሪያ ስልኩን ማን እንዳነሳ ጠይቁ የምለው ለዚህ እንደሆነ፣ ሳላውቀው ሁለተኛ መረጃ እየፈለግሁ እንደኖርኩ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያንን ቀን እንደ ድል ነው የቆጠርኩት።

አንድ ነገር ግን እንቢ አለኝ። ጥያቄው «ይህ ነው ወይ?» የሚል ሲሆን ሁልጊዜ እስታለሁ። ለፈተናው ጥቂት ሳምንት ሲቀር ማዳም ይህን ሰጡኝ።

«ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር። ሁለቱ አሃዞች እኩል ናቸው? መረጃው ይኸውልሽ፤ ቦታ ሲቀያየሩ ቁጥሩ በሠላሳ ስድስት ይለወጣል።»

«አይበቃም» አልኩ።

«ለምን?»

«እኩል ቢሆኑ ቢቀያየሩም ቁጥሩ አይለወጥም ነበር። ስለዚህ እኩል አይደሉም። መልሱ አይደለም ስለሆነ መረጃው አይበቃም።»

«አይደለም መሆኑን እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

ታዲያ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ከዚህ በፊትም ስንት ጊዜ ነግረውኛል፤ ጆሮዬ ይሰማል፣ ሆዴ አይቀበልም። አይደለም የተባለ ነገር ሁሉ ጎደሎ ሆኖ ነው የሚሰማኝ። ማዳምም ደከማቸው መሰለኝ፣ መጽሐፉን ከጉልበታቸው ላይ አወረዱት። ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው፤ ከከተማው ዳር ካለው የከባድ መኪና ማቆሚያ ነው የሚደውለው። ዙሪያ ጥምጥም የለውም፤ ሹፌሮች ሁሉ እንደሚጠይቁኝ ነው የጠየቀኝ።

«ልምጣ ወይስ ልተኛ?»

«ተኛ።»

«ወረቀቱ አልቋል ብለሽኝ አልነበር እንዴ?»

«ወረቀቱ አልቋል ጋሼ። መርከቡ ግን ገና ውጭ ባሕሩ ላይ ነው፤ መቆሚያ አላገኘም። ተኛ።»

«እሺ እቴ» ብሎ ዘጋው።

ማዳም ምን እንዳለኝ ጠየቁኝ። ተረጎምኩላቸው። ሹፌሮች ከመኪና ማቆሚያው እየደወሉ ወደብ እንዲመጡ ወይም እንዲተኙ እንደሚጠይቁኝ፣ ያለ ጊዜያቸው ከመጡ ሙቀት ላይ ተሰልፈው እንደሚውሉ፣ ከዘገዩም ወረፋቸው እንደሚያልፍ ነገርኳቸው።

«መርከቡ መቼ እንደሚገባ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ወንድምሽ ተራው ስንተኛ እንደሆነስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ይህን ሁሉ ሳታውቂ ተኛ ብለሽ እንዴት ነገርሽው?»

«መርከቡ ውጭ ከሆነ ዛሬ መጫን የለም። ሌላው ምን ያደርግልኛል?» አልኩ በቁጣ። ነገሩ ግልጽ ሆኖ ሳለ ስለጠየቁኝ ተናድጄ ነበር።

«እና ተኛ ማለትሽ መልስ አይደለም?» አሉ ማዳም።

ወንድሜ መልሱን ይዞ ሄዶ ተኝቷል። ጎደለኝ አላለም፤ የመርከቡን ቀን ካልነገርሽኝ አላለም። ለዓመታት ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ስሠራው የኖርኩት ሥራ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ጥያቄ ነው። ና ካልኩ ይበቃል። ተኛ ካልኩም ይበቃል። የማይበቃው «ቆይ ላጣራ» ስል ብቻ ነው። ይህን ለማዳም በፈረንሳይኛ ስነግራቸው ትራሱን አንሥተው ብዕሬን መለሱልኝ። «አሁን አያስፈልግሽም፤ ስለዚህ ልትይዢው ትችያለሽ» አሉኝ። ተሳስቀን አንድ ገጽ ሙሉ ሠራን። አንድም አልሳትኩ። እያንዳንዱን ጥያቄ ከመኪና ማቆሚያው እንደተደወለ ስልክ ነበር የማዳምጠው።

ሁለተኛው ፈተና ከተማው መሐል ባለው ምኒልክ አደባባይ አጠገብ፣ ከሱቆች በላይ ባለ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ማዳም ካልሄድኩ ብለው ታክሲ ይዘው አብረውኝ መጡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃውን አልወጡም፤ ሥር ካለው ካፌ ጥላ ፈልገው ተቀመጡ። «ቁጥር እንዳታመጪልኝ» አሉኝ ስለያቸው። አዳራሹ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣው ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ካለፍኩ ቅርንጫፉ የእኔ ነው፤ ከወደቅሁ ያስተማርኩትን ሰው አለቃዬ ብዬ እቀበላለሁ። ከዚያ ሌላ ሦስተኛ ነገር አልነበረም።

ጥያቄዎቹ መጡ። ና። ተኛ። ቆይ ላጣራ። እያልኩ አሳለፍኳቸው። ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድ ቆንጆ ጥያቄ ገጠመኝ። ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ነው፤ በመቶ ቤት ያለው አሃዝ በአንድ ቤት ካለው ይበልጣል? አንደኛው መረጃ፣ እነዚህ ሁለቱ ቦታ ሲቀያየሩ ቁጥሩ በ198 ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ በአሥር ቤት ያለው አሃዝ አምስት ነው። 198ን ሳይ እጄ በላኝ። ለዘጠኝ ይካፈላል፣ እንዲያውም ለዘጠና ዘጠኝ ሁለት ጊዜ ይሄዳል፤ ስንት ነገር ይወጣበታል። የማዳም ፊት መጣብኝ። ቁጥሩ ከቀነሰ ትልቁ አሃዝ ከመቶ ቤት ወጥቷል ማለት ነው፤ ይበልጣል። መሐል ያለው አምስት ከቦታው ስላልተነቃነቀ ስለ ሁለቱ ምንም አይነግረኝም። አንደኛው ብቻውን ይበቃል ብዬ ተጫንኩና አለፍኩ። ያቺን ጥያቄ ሳልፈታ በማለፌ የተሰማኝን ደስታ፣ በሕይወቴ ፈትቼ ያገኘኋቸው ቁጥሮች ሁሉ ተሰብስበው አልሰጡኝም።

ሰዓቱ ሳያልቅ ጨረስኩ። ኮምፒውተሩ ውጤቱን ወዲያው ነው የሚያሳየው፤ አልፈሻል አለኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አጠገቤ ሰዎች ስለሚፈተኑ ድምፄን ዋጥ አድርጌ ወጣሁና ደረጃው ላይ ቆሜ ለድርጅቱ ባለቤት ደወልኩ።

«አልፌያለሁ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ወንበሩ ያንቺ ነው።»

«ሊመጣ የነበረው ሰውስ?»

«ይመጣል፤ በአንቺ ሥር ይሠራላ» አሉ፤ እንደ ቀላል ነገር።

ቀጥዬ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ምንም ሳይለኝ ስልኩን እንደያዘ የመኪናውን ጥሩንባ ሲነፋው ሰማሁ። ከአጠገቡ ሌላ መኪና ተቀበለው፣ ከዚያ ሌላ፤ ማቆሚያው በሙሉ ምክንያቱን ሳያውቅ ይጮህ ጀመር። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ እየሳቅሁ ደረጃውን ወረድኩ።

ማዳም ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሡ። ምንም አልጠየቁኝም፤ ፊቴ ነግሯቸዋል። አገጬን በሁለት ጣት ይዘው ግራና ቀኝ ጉንጬን ሳሙኝ። በዚህ መሐል ፈተናውን ሲቆጣጠር የነበረው ሰው ለዕረፍት ወደ ካፌው ወረደ። ማዳምን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፤ ሊሴ ያስተማሩት ተማሪ ኖሯል። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ጠየቃቸው። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከላይ የተፈተነች ሴት መሆኔን ያውቃል፣ ከእሳቸው ጋር ምን እንደማደርግ ግን አልገባውም። ጅቡቲ ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት ከአንዲት ትልቅ ሴት ጎን ስትቆም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነገር አንድ ነው።

«እሷስ ምንዎ ናት?» አላቸው በፈረንሳይኛ።

እኔ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ ገና የሰማሁትን ማዕረጌን ልነግረው አፌ ላይ ደርሷል። ማዳም ቀደሙኝ።

«ድሮ እኔ ቤት ትሠራ ነበር» አሉት፤ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

ውሸት አይደለም፤ በዚያ ቀን ግን መስማት የፈለግሁት እሱን አልነበረም።

«አሁን አርብ አርብ እኔ ነኝ ለእሷ የምሠራው» አሉ።

ሰውዬው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ማዳም አልሳቁም፤ ቦርሳቸውን አንሥተው ክንዳቸውን ሰጡኝ። ለፈተናው ያላለቀስኩት ሴትዮ አደባባዩ መሐል፣ ታክሲ እየጠራሁ፣ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።